«ነፃ ፒዲኤፍ» ከማለት የታተመበትን ዓመት ይፈልጉ

ጥያቄ፦ «ራስን ስለማሻሻልና ስለ ኢንቨስትመንት የተጻፉ፣ ዘመን ያልሻራቸውን መጻሕፍት ማንበብ እፈልጋለሁ። ለመግዛት ግን አቅሙ የለኝም። ‹ነፃ ፒዲኤፍ› ብዬ ስፈልግ ወይ ማስታወቂያ ይከመርብኛል፣ ወይ የባንክ ካርድ ቁጥር እጠየቃለሁ። ቴሌግራም ላይ ሁሉም አለ፤ ሕጋዊ ስለመሆኑ ግን እጠራጠራለሁ። በሕጋዊ መንገድ የት ላግኛቸው? ከየትኛውስ ልጀምር? የማነበው በስልክ ነው፣ ኢንተርኔቴም ደካማ ነው።»

መልስ፦ መጠራጠርዎ ደግ ነው። ከመጻሕፍት ጋር በሠራሁባቸው ዓመታት ይህ ጥያቄ ሳይመጣልኝ ያለፈ ወር ትዝ አይለኝም፤ መጀመሪያ የምለውም ሁልጊዜ አንድ ነው። ከፍለጋ ሳጥኑ ውስጥ «ነፃ» እና «ፒዲኤፍ» የሚሉትን ቃላት ያውጧቸው። እነዚህን ሁለት ቃላት አድፍጠው የሚጠብቁ ሰዎች አሉ። እርስዎ መጽሐፉን ሲሹ እነሱ የሚሹት ጠቅታዎን፣ ኢሜይልዎን፣ ሲብስም የካርድ ቁጥርዎን ነው። «ለማረጋገጫ ብቻ ነው፣ ገንዘብ አንቆርጥም» የሚል ገጽ ከመጣ ዘግተው ይውጡ፤ በእውነት ነፃ የሆነ መጽሐፍ የሚያድል ሰው ካርድ ምን ያደርግለታል? ያወረዱት ፋይል ቅጥያው «ኤፒኬ» ወይም «ኢኤክስኢ» ከሆነም ፕሮግራም እንጂ መጽሐፍ አይደለምና ሳይከፍቱ ያጥፉት።

በምትኩ ሁለት ነገር ይያዙ፦ የደራሲውን ስምና መጽሐፉ መጀመሪያ የታተመበትን ዓመት። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አንድ መጽሐፍ ለሁሉም ክፍት መሆን አለመሆኑ የሚታወቀው በዓመቱ ነው። በአሜሪካ ሕግ፣ የቆዩ መጻሕፍት የቅጂ መብት ከታተሙ ከ95 ዓመት በኋላ ያበቃል። በየዓመቱ ጃንዋሪ 1 የአንድ ዓመት ሙሉ መጻሕፍት ከጥበቃ ይወጣሉ፤ በ2026 መጀመሪያ የወጡት በ1930 የታተሙት ናቸው። በሌሎች ብዙ አገሮች ግን ቆጠራው ከደራሲው ሞት ይጀምራል፦ በአውሮፓ 70 ዓመት፣ በሌሎች በርካታ አገሮች 50 ዓመት። ጊዜው ያለፈበት መጽሐፍ የሕዝብ ሀብት ይሆናል። ማንም ያወርደዋል፣ ያባዛዋል፣ ይተረጉመዋል፤ የሚጠይቀውም የለም።

ልዩነቱ የሚገባው በምሳሌ ነው። የጆርጅ ክላሰን «ዘ ሪቸስት ማን ኢን ባቢሎን» በ1926 ወጣ። ስለዚህ የዚያ ዓመት እትም በአሜሪካ ከ2022 ጀምሮ የሕዝብ ነው። ክላሰን የሞተው ግን በ1957 ነው፤ ስለዚህ ከሞት በኋላ 70 ዓመት በሚቆጠርበት አገር እስከ 2027 ማብቂያ ድረስ ጥበቃው አለ። 50 ዓመት በሚቆጠርበት አገር ደግሞ ድሮ አልፏል። ያው አንድ ፋይል አንዱ አገር ሕጋዊ፣ ጎረቤቱ ዘንድ ሕገ ወጥ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። የሚኖሩበት አገር ከየትኛው ወገን እንደሆነ አንድ ጊዜ አጣርተው ቁጥሩን በቃልዎ ይያዙት፤ ከዚያ በኋላ ማንንም መጠየቅ አያስፈልግዎትም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ትርጉም ላይ ነው። የሮማው ንጉሠ ነገሥት ማርከስ ኦሬሊየስ ከሞተ 1,800 ዓመት አልፎታልና «ማሰላሰሎቹ» የተባለው መጽሐፉ በየትኛውም ቅጂ ነፃ ነው ብሎ የሚያስብ ብዙ ነው። ተርጓሚው ግን የራሱ መብት አለው። የጆርጅ ሎንግ የእንግሊዝኛ ትርጉም በ1862 የታተመ ስለሆነ ክፍት ነው፤ በ2002 የወጣውና ለአንባቢ የሚቀለው የግሪጎሪ ሄይስ ትርጉም ግን የተጠበቀ ነው። ቴሌግራም ላይ የሚዞረው አብዛኛውን ጊዜ ይሄኛው ነው። መቅድምና የግርጌ ማስታወሻም እንደዚሁ ነው፤ የአሮጌ መጽሐፍ አዲስ እትም ላይ አዲስ የተጨመረው ሁሉ የጨማሪው ነው።

አሁን ወደ ቦታዎቹ። አንድ ብቻ ምረጥ ብባል የምመርጠው ፕሮጀክት ጉተንበርግ የተባለውን ድረ ገጽ ነው። ማይክል ሃርት የተባለ ተማሪ በ1971 በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ላይ የአሜሪካን የነፃነት አዋጅ በእጁ ተይቦ ሲያስገባ ተጀመረ፤ ዛሬ ከ70,000 በላይ መጻሕፍት አሉት። መመዝገብ የለም፣ ክፍያ የለም። እዚያ የደራሲው የጄምስ አለንን የአንድ መጽሐፍ ገጽ ቢከፍቱ ከስሙ ቀጥሎ «1864–1912» የሚል፣ የልደቱንና የሞቱን ዓመት ያያሉ። ይህች ጥንድ ቁጥር የሚፈልጉትን ሁሉ ትነግርዎታለች፤ በ1912 ላይ የአገርዎን 50 ወይም 70 ይደምሩ፣ መልሱ ወጣ። እዚያው ገጽ ላይ የቅጂ መብቱ ሁኔታ በአንድ መስመር ተጽፏል። ልብ ይበሉ፣ ያ መስመር የሚናገረው ስለ አሜሪካ ብቻ ነው።

ከሚቀርቡልዎ የፋይል ዓይነቶች ውስጥ ኢፐብን ይምረጡ። ፒዲኤፍ የወረቀት ፎቶግራፍ ያህል ነው። ስልክ ላይ ፊደሉ ይደቅቃል፣ ሲያሰፉት መስመሩ ከስክሪኑ ይወጣል፣ ግራ ቀኝ ሲጎትቱ ሐሳቡ ይጠፋዎታል። ኢፐብ ግን ፊደሉን ባሳደጉት ቁጥር ራሱን ከስክሪኑ ጋር ያስተካክላል፤ አብዛኞቹ ማንበቢያዎች ላይም አንድ ቃል ጫን ብለው ሲይዙ መዝገበ ቃላት ይከፈታል። ለደካማ ኢንተርኔትም የሚሆነው እሱ ነው። ሥዕል የሌለው የአንድ ሙሉ መጽሐፍ ኢፐብ በስልክዎ ከሚያነሡት አንድ ፎቶ ያንሳል። ስካን የተደረገ ፒዲኤፍ ግን በአሥር ሜጋባይቶች የሚቆጠር ነው። ስታንዳርድ ኢቡክስ የሚባል የበጎ ፈቃደኞች ሥራም አለ። ከጉተንበርግና መሰል ቦታዎች ጽሑፉን ወስደው ከዋናው ስካን ጋር እያመሳከሩ ያርሙትና አሳምረው ያዘጋጁታል። ምርጫው ጠባብ ነው፤ የሚፈልጉት መጽሐፍ እዚያ ካለ ግን ሌላ ቦታ አይድከሙ።

ኢንተርኔት አርካይቭ በ1996 የተመሠረተ ሰፊ ማከማቻ ነው፤ የቆዩ የገንዘብ ገበያ መጻሕፍት በብዛት የሚገኙት እዚያ ነው። እዚህ ላይ ግን አንድ ጥፋቴን ልንገርዎ። አርካይቭ የመጽሐፉን ገጾች በምስል ያስቀምጥና ኮምፒውተር ምስሉን ወደ ጽሑፍ ይለውጠዋል። እንዲህ በማሽን የተለወጠ ጽሑፍ ሳላመሳክር ለአንድ የንባብ ቡድን አደልሁ። በማግስቱ አንዱ «ይህ አክሲዮን 84 በመቶ አተረፈ ማለት ነው?» አለኝ። ምስሉን ስከፍት የነበረው 84⅜ ነው። የአሜሪካ አክሲዮኖች ዋጋ እስከ 2001 ድረስ በክፍልፋይ ይጻፍ ነበር፤ 84⅜ ማለት 84 ዶላር ከ37 ሳንቲም ተኩል ነው። ማሽኑ ⅜ን ሲያይ ሁለት ትናንሽ ቁጥሮችና በመካከላቸው ያዘነበለ መስመር አይቶ የመቶኛ ምልክት አደረገው። መጽሐፉ ሙሉ በሙሉ እንዲህ ነበር፤ ዋጋው ሁሉ ትርፍ መስሎ ቁጭ ብሏል። ከዚያ ወዲህ ልብ ወለድና የሥነ ምግባር መጽሐፍ በተለወጠው ጽሑፍ ባነብም፣ ቁጥርና ሠንጠረዥ ያለበትን የኢንቨስትመንት መጽሐፍ ግን ምስሉን ሳልከፍት አላምንም። በርካሽ ዋጋ ታትመው የሚሸጡ አንዳንድ «ክላሲኮች» ይህንኑ ያልታረመ ጽሑፍ ወረቀት ላይ ያወረዱ ናቸው፤ ገንዘብ ቢኖርዎትም አይግዟቸው።

አርካይቭ ላይ «ተዋስ» የሚል ምልክት የሚያዩባቸው አዳዲስ መጻሕፍትም አሉ። እነዚህ የቅጂ መብታቸው ያላለቀ፣ እንደ ቤተ መጻሕፍት ለተወሰነ ጊዜ የሚዋሷቸው ናቸው። በ2020 አራት አሳታሚዎች በዚህ አሠራር ላይ ክስ አቀረቡ፤ በ2024 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም ለአሳታሚዎቹ ፈረደ፤ ከ500,000 በላይ መጻሕፍትም ከውሰት ተነሡ። የፈለጉት መጽሐፍ ትናንት ነበረ ዛሬ የለም ቢባሉ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል።

ሊብሪቮክስ የድምፅ መጻሕፍት ቤት ነው። ከ2005 ጀምሮ በጎ ፈቃደኞች የሕዝብ ሀብት የሆኑ መጻሕፍትን ያነባሉ። አንዳንዱ አንባቢ ግሩም ነው፣ አንዳንዱ ያስተኛል፤ በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ምዕራፍ በመጣ ቁጥር ድምፁ ሊለወጥ ይችላል። እንግሊዝኛው ለሚከብድዎት ግን ጽሑፉን እያዩ ድምፁን መስማት ብዙ ያግዛል። አነስተኛውን የድምፅ ጥራት፣ ባለ 64 ኪሎቢቱን ይምረጡ፤ የአንድ ሰዓት ንባብ 29 ሜጋባይት ገደማ ነው።

ሊያገኟቸው የማይችሏቸውንም ልንገርዎ፣ ፍለጋው እንዳያደክምዎ። የቤንጃሚን ግሬሃም «ዘ ኢንተለጀንት ኢንቨስተር» በ1949 የታተመ ነው፤ የዴል ካርኔጊ «ሃው ቱ ዊን ፍሬንድስ» በ1936። በአሜሪካ ሁለቱም ገና ናቸው፤ የሌላ አገር ነዋሪ ከሆኑ ካርኔጊ በ1955፣ ግሬሃም በ1976 እንደሞቱ ይዘው ያስሉት። የግሬሃምን ትምህርት በሕጋዊ መንገድ በነፃ ለማግኘት ግን የተሻለ በር አለ። ግሬሃም በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው ባለሀብት ዋረን በፌት ለባለ አክሲዮኖቹ በየዓመቱ የጻፋቸው ደብዳቤዎች ከ1977 ጀምሮ በኩባንያው በበርክሻየር ሃታዌይ ድረ ገጽ ላይ ተቀምጠዋል። ገጹ ሥዕል የለበትም፣ በጣም ደካማ በሆነ መስመርም ይከፈታል። የኢንቨስትመንት ባለሙያው የሃዋርድ ማርክስ ማስታወሻዎችም ከ1990 ጀምሮ በኩባንያው በኦክትሪ ድረ ገጽ በነፃ ይነበባሉ። እነዚህ ክላሲክ ይባሉ አይባሉ አልከራከርም፤ በገንዘብ ከሚሸጡት አብዛኞቹ የኢንቨስትመንት መጻሕፍት ግን ይበልጡብኛል።

ከየትኛው ልጀምር ላሉት፣ ራስን በማሻሻል በኩል የጄምስ አለንን «አዝ ኤ ማን ቲንከዝ» ያስቀድሙ። የ1903 መጽሐፍ ነው፤ የምመርጠው ከሁሉ ስለሚበልጥ ሳይሆን በአንድ መቀመጫ ስለሚያልቅ ነው። የማንበብ ልማድ ገና ለሚጀምር ሰው አንድ መጽሐፍ ጨርሶ መነሣት ትልቅ ነገር ነው። ቀጥሎ የቤንጃሚን ፍራንክሊንን የሕይወት ታሪክ ይያዙ። እዚህ ላይ ቸኩለው አይለፉ። ፍራንክሊን 13 መልካም ባሕርያትን ዘርዝሮ ትንሽ ደብተር አበጀ፤ ለእያንዳንዱ ባሕርይ አንድ ገጽ ሰጠ፣ ገጹን በቀይ ቀለም አሰመረ፣ ሰባት ቋሚ መስመር ለሰባቱ ቀናት። በየማታው የሠራውን ጥፋት በጥቁር ነጥብ ያሠፍራል። በየሳምንቱ አንዱን ባሕርይ ብቻ ትኩር ብሎ ይይዛል፣ 13 ሳምንት ሲሞላ አንድ ዙር፣ በዓመት አራት ዙር። አንድ ዙር አልቆ ለአዲሱ ቦታ ለማግኘት ነጥቦቹን ሲፍቅ ሲፍቅ ወረቀቱ ተበሳሳ። ከዚያ በኋላ ሠንጠረዡን በእርጥብ ስፖንጅ በሚጠረግ የዝሆን ጥርስ ገጽ ላይ ገለበጠው። ከሁሉ ያስቸገረው ሥርዓት መያዝ፣ ዕቃና ጊዜን በቦታቸው ማድረግ እንደሆነም ሳይደብቅ ጽፏል። ከ13 አንዱንም ባልያዝ እንኳ ያ የተበሳሳ ደብተር ከዓይኔ አይጠፋም።

አርኖልድ ቤኔት በ1908 የጻፋት «ሃው ቱ ሊቭ ኦን ትዌንቲ ፎር አወርስ ኤ ዴይ» አጭርና ቀልደኛ ናት። ከሥራ በኋላ ሙሉ ምሽትዎን አይጠይቅዎትም፤ በሳምንት ሦስት ምሽት፣ አንድ ሰዓት ተኩል ብቻ። የዋለስ ዋትልስን «ዘ ሳይንስ ኦፍ ጌቲንግ ሪች» ግን፣ የ1910 መጽሐፍና በየቦታው በነፃ የሚገኝ ቢሆንም፣ አላዝልዎትም። ሀብት በተወሰነ የአስተሳሰብ መንገድ ይመጣል ብሎ ይሰብካል፤ ከዚያ ተነሥቶ ገንዘቡን ወደ ገበያ የወሰደ ሰው ሲገጥመኝ ይጨንቀኛል።

ኢንቨስትመንት ላይ ክላሰን መነሻ ይሁንዎ፣ አገርዎ ከፈቀደልዎ። ምክሩ ቀላል ነው፦ ካገኙት ሁሉ ቢያንስ አንድ አሥረኛውን መጀመሪያ ለራስዎ ያስቀሩ። ከዚያ በኋላ ያሉትን መጻሕፍት ሲያነቡ ዓመቱን እንደገና ያውጡት፤ አሁን የሚፈልጉት ለቅጂ መብት አይደለም። ዓመቱ ደራሲው ገና ያላየውን ነገር ይነግርዎታል።

የኤድዊን ለፌቨር «ሬሚኒሰንስስ ኦፍ ኤ ስቶክ ኦፐሬተር» በ1923 ወጣ። በአክሲዮን ነጋዴው በጄሲ ሊቨርሞር ሕይወት ላይ የቆመ ታሪክ ነው። ባለታሪኩ ገና ልጅ ሳለ በደላላ ቤት ሰሌዳ ላይ ዋጋ ይጽፍ ነበር፤ በትንሽ ማስታወሻ ደብተርም ዋጋው ወዴት እንደሚሄድ እየገመተ ከዚያ በኋላ የሆነውን ያመሳክራል፣ ያውም ገና አንድ ሳንቲም ሳያወጣ። ፍራንክሊን ነጥብ ያሠፈረበት ደብተር ትዝ ይልዎታል። መጽሐፉ ይጥማል፣ ከመጠን በላይ ይጥማል፤ ብዙ ወጣት ጨርሶት ሲነሣ በየቀኑ መግዛትና መሸጥ ያምረዋል። እንግዲህ 1923ን ይያዙ። ሊቨርሞር በ1934 ከስሮ በፍርድ ቤት ተመዘገበ፣ በ1940 የገዛ ሕይወቱን አጠፋ። መጽሐፉ ይህን ሊነግርዎ አይችልም። የሚተርከው ገበያም የዛሬው አይደለም፤ የአሜሪካው የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ አካል የተቋቋመው በ1934 ነው፣ ከዚያ በፊት ሰዎች ተሰባስበው የአንድ አክሲዮን ዋጋ መናጥ የተለመደ ሥራ ነበር። ዘዴውን ሳይሆን የሰውየውን ጠባይ ያንብቡ።

የኤድጋር ሎውረንስ ስሚዝ «ኮመን ስቶክስ አዝ ሎንግ ተርም ኢንቨስትመንትስ» የ1924 ነው። ጸሐፊው ቦንድ (ወለድ የሚከፈልበት የብድር ሰነድ) ከአክሲዮን እንደሚሻል ሊያሳይ ተነሥቶ ሒሳቡ ተቃራኒውን አወጣበት፤ የሐቀኛ ምርምር ጥሩ ምሳሌ ነው። አንባቢዎቹ ግን «ለረጅም ጊዜ» የሚለውን ዘለው «አክሲዮን» የሚለውን ብቻ ያዙ። የአሜሪካ አክሲዮኖችን ዋጋ የሚያሳየው፣ በሴፕቴምበር 1929 እስከ 381 የደረሰው የዳው ጆንስ መለኪያ በጁላይ 1932 ወደ 41 ወረደ፤ ወደ ቀድሞው ከፍታ የተመለሰው በ1954 ነው። ሃያ አምስት ዓመት! የስሚዝን ሠንጠረዦች ሲያነቡ እነዚህን ቁጥሮች ኅዳጉ ላይ ይጻፏቸው።

ኢርቪንግ ፊሸርንም ላንሣ፣ ለጥያቄዎ ሁለቱም ወገን የሚስማማ ሰው ነውና። በ1915 ከአንድ ሐኪም ጋር ስለ ጤናማ አኗኗር «ሃው ቱ ሊቭ» የተባለ መጽሐፍ አወጣ፤ የምጣኔ ሀብት ሊቅም ነበር። በኦክቶበር 1929፣ ገበያው ሊወድቅ ቀናት ሲቀሩት፣ የአክሲዮን ዋጋ ከፍ ያለና የማይወርድ ደጋ ላይ የደረሰ ይመስላል አለ፤ ሀብቱንም በዚያው አጣ። የጤናው መጽሐፍ ዛሬም ይነበባል። ከእሱ ጎን የቻርልስ ማካይን የ1841 መጽሐፍ፣ «ኤክስትራኦርዲናሪ ፖፑላር ዲሉዥንስ»ን፣ የገበያ ዕብደት ለመረዳት ማገላበጥ ይቻላል፤ ስለ ሆላንድ የቱሊፕ አበባ የጻፈው ግን የተጋነነ መሆኑን የኋላ ታሪክ ጸሐፊዎች ስላሳዩ እንደ ተረት ይቀበሉት።

ደካማ ኢንተርኔት ስላለዎት አንድ ቀን መስመሩ ሲሻል ሁሉንም አንድ ላይ ያውርዱና ከዚያ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ያንብቡ። ፋይሎቹ ሲወርዱ ስማቸው ትርጉም የለሽ የቁጥር ክምር ስለሚሆን ይቀይሩት፤ ዓመቱን ከፊት ያስቀድሙ። «1903 አለን»፣ «1923 ለፌቨር»፣ «1924 ስሚዝ» ብለው ካስቀመጧቸው ስልክዎ ራሱ በዘመን ቅደም ተከተል ይደረድራቸዋል። ባዶ ፋይል ፈጥረውም «1929» ብለው ይሰይሙት፤ ከእሱ በላይ የተቀመጠው መጽሐፍ ሁሉ የተጻፈው ገበያው ከመውደቁ በፊት መሆኑን በከፈቱት ቁጥር ያዩታል።